«ተመሳስሎ» ወይስ «ወደር»?
ስለ ቃላት ዝምድና ጥያቄዎች ስያሜና ትርጉም የቀረበ ሒስ

በችሎታ መመዘኛ ፈተናዎች ውስጥ ሁለት ቃላት ተሰጥተው፣ ተመሳሳይ ዝምድና ያላቸው ሌሎች ሁለት ቃላት እንዲመረጡ የሚጠይቀው ክፍል በእንግሊዝኛ «አናሎጂ» ይባላል። ይህን ስያሜ «ተመሳስሎ» ብሎ መተርጐም ቀላሉ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ያሳስታል። «ላም ለጥጃ እንደ ዶሮ ለጫጩት ናት» ስንል ላም ዶሮን ትመስላለች ማለታችን አይደለም፤ የሚመሳሰሉት ቃላቱ ሳይሆኑ በየጥንዱ መካከል ያለው ዝምድና ነው። መመሳሰልን እንዲፈልግ የተነገረው ተማሪ «በግ ለፍየል» የሚለውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። የግሪክኛው ቃል ቀድሞ የቁጥሮችን ምጣኔ ያመለክት ነበር። የሒሳብ መጻሕፍታችንም 2 ለ4 እንደ 3 ለ6 መሆኑን «ወደር» ስለሚሉት፣ «የዝምድና ወደር» የሚለው ስያሜ ለፍሬ ነገሩ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለናል።

ስያሜው ከተቃና በኋላ የሚነሣው ዋና ጥያቄ ይህ ወደር ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሊሻገር ይችላልን? የሚለው ነው።

ኤስ.ኤ.ቲ. በተባለው የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ላይ ቀርቦ ብዙ ያከራከረ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ሯጭ ለማራቶን» ለሚለው ጥንድ መልሱ «ቀዛፊ ለሬጋታ» ነበር። ተቺዎች ጥያቄው የሚመዝነው ማስተዋልን ሳይሆን የጀልባ ውድድር በሚታወቅበት ቤት ማደግን ነው አሉ። ይኸው ጥያቄ ወደ አማርኛ ቢመለስስ? «ማራቶን» አበበ ቢቂላ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ ካሸነፈ ወዲህ የማንኛውም ኢትዮጵያዊ ቃል ሆኗል። «ሬጋታ» ግን እንዳለ ቢቀር አንባቢው አያውቀውም፤ «የጀልባ ቀዘፋ ውድድር» ተብሎ ቢፈታ ደግሞ «ቀዘፋ» የሚለው ቃል «ቀዛፊ»ን ጠቁሞ መልሱን አሳልፎ ይሰጣል።

ሁለተኛው ዕንቅፋት የሚመነጨው ከአማርኛ የቃል አመሠራረት ነው። በእንግሊዝኛ የመጥረጊያና የመጥረግ፣ የመጥረቢያና የመጥረብ ስሞች በመልክ አይገናኙም፤ ተፈታኙ ዝምድናውን በሐሳቡ ማግኘት አለበት። በአማርኛ ግን መሣሪያውና ድርጊቱ ከአንድ ሥር ስለሚወጡ፣ የቃላቱን ትርጉም ፈጽሞ የማያውቅ ሰው እንኳ ፊደላቱን አይቶ ሊመልስ ይችላል። «ፈራጅ ለፍርድ»፣ «ዘማሪ ለመዝሙር» እንዲሁ ናቸው። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚመዝነው ሥነ ምዕላድን እንጂ ሐሳብን አይደለም።

ሦስተኛው የቃላት ድንበር አለመገጣጠም ነው። እንግሊዝኛ ለበግና ለፍየል ልጆች የተለያዩ ስሞች ሲኖሩት፣ በአማርኛ «ግልገል» ለሁለቱም ያገለግላል፤ «ውርንጭላ»ም ለፈረስም ለአህያም ይሆናል። በአንዱ ቋንቋ አንድ ብቻ የነበረው ትክክለኛ መልስ በሌላው ሁለት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ሥጋት የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። አላሉፍ፣ ሃምብልተንና ሲሬሲ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ከዕብራይስጥ ወደ ሩሲያኛ የተተረጐሙትን የእስራኤል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የቃል ጥያቄዎች መርምረው፣ በትርጉም ምክንያት ባሕርያቸው በብዛት የተለወጠው የወደር ጥያቄዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ኤስ.ኤ.ቲ.ም በ1926 የመጀመሪያ ፈተናው ላይ የነበረውን ይህን ዐይነት ጥያቄ በ2005 ትቶታል፤ ጂ.አር.ኢ. የተባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም በ2011 ተከትሎታል።

በአገራችን ግን የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በእንግሊዝኛ በሚሰጠው የችሎታ ፈተና እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ይገጥሟቸዋል። የጥያቄውን ቃላት አንድ በአንድ በአማርኛ የሚፈታ መርጃ መጽሐፍ ለእነዚህ ተማሪዎች በቂ አይሆንም፤ ከአማርኛው ጋር የሥር ዝምድናን ስለሚያስለምዳቸው፣ ያ ምልክት በሌለበት በእንግሊዝኛው ፊት ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። የሚበጀው ዝምድናውን በሙሉ ዐረፍተ ነገር ማስነገር ነው። «ካፊያ ደካማ ዝናብ፣ ዶፍ ብርቱ ዝናብ ነው» ያለ ተማሪ፣ «ሽውታ ለዐውሎ ነፋስ» የሚለውን ያለ ችግር ያገኛል። ዐረፍተ ነገሩ ለሁለት ምርጫዎች ከሠራም ማጥበብ እንጂ መገመት አያሻም።

እንግዲህ የወደርን ጥያቄ ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው ቃላቱን ትቶ ዝምድናውን ይያዝ፤ ለዚያም ዝምድና ከአማርኛ መዝገበ ቃላት አዲስ ጥንድ ይፈልግ። ይህ ሥራ ከትርጉም ይልቅ ለድርሰት የቀረበ ነውና፣ ለተርጓሚ ብቻ ሳይሆን ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሊሰጥ ይገባል።