እግር ሲቸኩል የማይቸኩል እጅ

የጎጃም ደጋ ሰው ሕመምተኛ መሸከም ያውቅበታል። መኪና በማይገባበት የስናን ወይም የማቻከል ቀበሌ ታማሚ በቃሬዛ ተነሥቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ቅብብል ዋናው መንገድ ድረስ ይመጣል። ደብረ ማርቆስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ግን ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ሌላ ጉዞ ይጠብቀዋል፤ ከድንገተኛ ወደ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል። የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፤ በቱቦ ለሚተነፍስ ሰው ግን ከዚህ የከበደ ጉዞ የለም።

ጎበዝ ነርስ የምትታወቀው የአልጋው ፍሬን ገና ሳይለቀቅ ነው። መጀመሪያ ትደውላለች፤ በሚሄዱበት ክፍል አልጋው፣ ኦክስጅኑና የፈሳሽ መምጠጫው (ሳክሽኑ) ተዘጋጅተው እንደሆነ ታረጋግጣለች። ቀጥላ የሲሊንደሩን ጌጅ ታነባለች። የ10 ሊትር ሲሊንደር 50 ባር ካሳየ ውስጡ የቀረው ኦክስጅን ወደ 500 ሊትር ነው፤ በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ታማሚ ለ50 ደቂቃ ይበቃል። ለመንገዱ ከሚያስፈልገው እጥፍ ካልያዘች አትነሣም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ስለሆነ፣ ኦክስጅን ቢቋረጥ ታማሚው የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው።

ከዚያ የመተንፈሻ ቱቦው ምን ያህል እንደገባ የሚያሳየውን፣ በታማሚው ከንፈር ጥግ የሚነበበውን ቁጥር ታያለች፤ 22 ከሆነ 22 ብላ ትይዛለች። የግሉኮሱን መስመር ከከረጢቱ እስከ ክንዱ በጣቷ ተከትላ ትሄዳለች። የደረት ቱቦ ካለው ጠርሙሱ ሳይጋደም ከደረቱ ዝቅ ብሎ ይያዛል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለው ከራስጌ ቱቦውን የያዘው ሰው ብቻ ነው፤ ከግርጌ ስፔሻሊስት ቢቆምም ትእዛዙን ይጠብቃል። ይህን ሥርዓት በጣም እወደዋለሁ።

ታማሚው ራሱን ባያውቅም «አባባ፣ አሁን ልናነሣዎት ነው፤ አይዞዎት» ትለዋለች። አስታማሚዋንም «እማማ፣ ከኋላችን ይከተሉን» ትላታለች።

ትልቁን ሙያ የማየው ግን አልጋው ከተንቀሳቀሰ በኋላ፣ አየር በእጅ እየተጨመቀ የሚሰጥበትን አምቡ ባግ በያዘው እጅ ላይ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ውስጥ ፖሊዮ በበረታ ጊዜ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን የሕክምና ተማሪዎችን በየታማሚው ራስጌ አስቀምጦ ቀን ከሌት በእጃቸው አየር እንዲሰጡ አድርጎ ነበር። ያ የእጅ ሥራ ዛሬም አለ። ለአዋቂ ሰው በስድስት ሴኮንድ አንዴ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል ብቻ ይጨመቃል። ፖርተሩ ሲፈጥን፣ ቤተሰብ ሲያለቅስ፣ የራስ ልብ ሲመታ እጅም አብሮ መፍጠን ይፈልጋል፤ እጅ ከፈጠነ ደግሞ አየሩ ሳይወጣ ሌላ ይደረብበታል፣ ደረት ይወጠራል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ስለዚህ የነርሷ እግር በኮሪደሩ ከአልጋው ጎን እየተራመደ፣ እጇ የራሱን ቆጠራ ይቆጥራል። አልጋው የወለል መገጣጠሚያ ላይ ሲንገጫገጭ ሌላው እጇ ቱቦውን ከጉንጩ ጋር አጣብቆ ይይዛል።

ዓይኗ በብዛት ከደረቱ አይነሣም። በማርቆስ ብርድ ጣት ሲቀዘቅዝ የኦክስጅን መለኪያው ይሳሳታል፤ ደህና ሲሆንም ቁጥሩ ከታማሚው ዘግይቶ ነው የሚወርደው። ለዚህ ነው ብልሆቹ ሲነሡ ጀምሮ የታማሚውን እጅ በጋቢ የሚሸፍኑት።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲደርሱ የመተንፈሻ ማሽኑ ስለተገጠመ ብቻ አትሄድም። ደረቱ በሁለቱም በኩል እኩል መነሣቱን ታያለች፣ በማዳመጫ ትሰማለች፣ ከንፈሩ ጥግ ያለውን ቁጥር ደግማ ታነባለች። «22» ትላለች ጮክ ብላ፤ ተረካቢዋ «22» ብላ መልሳ ትጽፋለች። የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱም እንዲሁ በቃል ተነግሮ በካርዱ ላይ ይሰፍራል።