በኤክሴል ስለሚሠራው የዓምድ ግራፍ አጭር ሒስ

ተማሪዎች በሚያቀርቧቸው የጥናት ጽሑፎች ውስጥ የዓምድ ግራፍ የሌለበትን ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ቁጥር በሠንጠረዥ ብቻ ሲቀርብ አንባቢውን ያደክማል፤ በዓምድ ሲቀርብ ግን ዓይን ባንድ ጊዜ ይመለከተዋል፤ ልብም ወዲያው ይፈርዳል። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሣነው ይህ ፈጣን ፍርድ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ስሕተቱንም በመጀመሪያ ያገኘነው በሌላ ሰው ሥራ ሳይሆን በራሳችን ሥራ ላይ መሆኑን አስቀድመን መግለጽ ይገባናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢትዮጵያ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የተደረጉትን የሕዝብ ቆጠራዎች ውጤት ለክፍል ጓደኞቻችን ለማስረዳት ፈልገን፣ ዓመቶቹን በኤክሴል ባንድ ረድፍ ወደ ታች፣ የሕዝቡንም ብዛት በሚሊዮን ከጎናቸው ጻፍን፤ ይኸውም በቀረበ ቁጥር 43፣ 53 እና 74 ነው። ከዚያም ሠንጠረዡን በሙሉ መርጠን «ኢንሰርት» ከሚለው ክፍል የዓምድ ግራፍ አዘዝን። የወጣው ግራፍ ግን አሳቀን። ፕሮግራሙ ዓመቶቹንም እንደ ብዛት ቈጥሮ፣ 1976፣ 1987 እና 1999 የሚያህሉ ሦስት ረጃጅም ዓምዶች አቆመ፤ የሕዝቡ ቁጥር ከሥራቸው እንደ አጭር ሣር ሆኖ ቀረ። ዓመት እዚህ ላይ መጠሪያ እንጂ መጠን አለመሆኑን ፕሮግራሙ የሚያውቀው ሠሪው ሲነግረው ነው። ከዓመቶቹ በላይ ያለውን የርእስ ሴል ባዶ መተው፣ ወይም «ሴሌክት ዳታ» በሚለው ትእዛዝ ዓመቶቹን የአግድም መሥመሩ መጠሪያ ማድረግ ይበቃል። ይህ ስሕተት ራሱን የሚያጋልጥ ስለ ሆነ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ራሱን የሚደብቀው ነው።

ግራፉ ከተስተካከለ በኋላ ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይ በማሰብ፣ «ፎርማት አክሲስ» ከሚለው ቦታ ገብተን የቋሚውን መሥመር መነሻ ከዜሮ ወደ 40 ለወጥነው። ግራፉ አማረ። ነገር ግን ከ40 በላይ የቀረው የመጀመሪያው ዓምድ ቁመት 3፣ የመጨረሻው 34 ስለ ሆነ፣ የ1999 ዓ.ም. ዓምድ ከ1976ቱ ከ11 እጥፍ በላይ ረዝሞ ታየ። እውነተኛው ልዩነት ግን ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ጓደኞቻችን የተጻፈውን ቁጥር ትተው ዓምዱን በማመን ስለ ሕዝብ ብዛት አስፈሪነት ይከራከሩ ጀመር። እኛም ያሳታቸው የኛ ግራፍ መሆኑን ለመናገር ዘገየን፤ ክርክሩ አስደስቶን ነበርና።

ዓምድ የሚናገረው በርዝመቱ ነው። ከሥሩ የተቆረጠ ዓምድ፣ ሁለት ሰዎችን ከትከሻቸው በላይ ብቻ ለክቶ ቁመታቸውን እንደ ማወዳደር ነው። የመሥመር ግራፍ የሚነበበው በአካሄዱ ስለ ሆነ ከዜሮ ባይጀምር ይፈቀድለታል፤ ለዓምድ ግን አይፈቀድለትም። ይህ ማስጠንቀቂያ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ዳረል ሃፍ በ1954 እ.ኤ.አ. ባወጣው በስታቲስቲክስ ስለ መዋሸት በሚናገር መጽሐፉ ውስጥ ከሥሩ የተቆረጠን ግራፍ አጋልጦ ነበር።

እዚህ ላይ ጥፋቱ ሁሉ የሠሪው ብቻ አለመሆኑን መናገር ተገቢ ነው። በትልቁና በትንሹ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ከትልቁ አንድ ስድስተኛ ያህል እንኳ ካልሞላ፣ ኤክሴል ሳይጠየቅ መነሻውን ከዜሮ ያነሣል። ለምሳሌ 92፣ 95 እና 98 የሚሉ ሦስት ውጤቶች ቢሰጡትና መነሻው 88 ቢሆን፣ የመጨረሻው ዓምድ ከመጀመሪያው ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ተማሪው ምንም ሳይነካ ሐሰት አቀረበ ማለት ነው። ስለዚህ መነሻውን አይቶ፣ ዜሮ ካልሆነ ዜሮ ብሎ በእጁ መጻፍ የሠሪው ግዴታ ነው እንላለን።

ዓምዱ ከዜሮ ቢነሣም ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ የተቆጠረው ምንድን ነው? የ1976ቱ 43 ሚሊዮን ኤርትራን ይጨምራል፤ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ስለ ሆነች የ1987ቱ 53 ሚሊዮን አይጨምራትም። ያለ ኤርትራ የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 40 ሚሊዮን ይወርዳል፤ ጭማሪውም 10 መሆኑ ቀርቶ 13 ሚሊዮን ይሆናል። በኛ ግራፍ ላይ ግን ሦስቱም ዓምዶች ባንድ ቀለም ተቀብተው፣ ባንድ ስም «ኢትዮጵያ» ተብለው ቆሙ። አንዲት አጭር ማስታወሻ ከግራፉ በታች ብትጻፍ ኖሮ አንባቢው ባልተሳሳተ ነበር። እንዲህ ያለውን ማስታወሻ ደግሞ ማንኛውም ፕሮግራም ከራሱ አያመነጭም።

ይህን ዓይነት ግራፍ በ1786 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር፣ አገሩ ከ17 ቦታዎች ጋር ያደረገችውን የአንድ ዓመት ንግድ በዓምድ ያሳየው የብዙ ዓመት ቁጥር ስላጣ ነበር። ያልያዘውን እንደ ያዘ አድርጎ አላቀረበም። የኛ ግራፎች የጎደላቸው ይህ ጥንቃቄ ነው።

ስለ ጌጡ ብዙ አንናገርም። ጥልቀት ያለው አስመስሎ የሚሥለው ሥሪ-ዲ ዓምድ ጫፉ ከየትኛው ቁጥር ላይ እንደ ደረሰ ስለማያስታውቅ ቢቀር ይሻላል። ዓምዶቹ አንድ ወገን ብቻ ከሆኑ የቀለም መግለጫ ሣጥን አያስፈልግም። «ቻርት ታይትል» የሚለውን ባዶ ርእስ ሳይለውጡ ማስረከብም ለተማሪ አይገባም።

ኤክሴል ብዙ ድካም ያቀለለ መሣሪያ መሆኑን አንክድም፤ በማስመሪያ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን በደቂቃ ይሠራዋል። የምንለው፣ ድካሙ ሲቀልል አብሮ የቀረው ማሰብ እንዲመለስ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ግራፍ ለክፍል ሲቀርብ መነሻው የት እንደ ሆነና ምን እንደ ተቆጠረ እንዲጠየቅ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን እናሳስባለን። በመጀመሪያም የኛው ይጠየቅ።