ከገበታ ወደ ስክሪን፦ የትብብር ጨዋታዎች፣ የሰንጠረዥ ወረራና የተመልካች ምክር

የትብብር ጨዋታ ከሌሎች የገበታ ጨዋታዎች የሚለየው፣ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ መፎካከራቸውን ትተው ጨዋታው ራሱ በደንቡ በሚያስነሣባቸው አደጋ ላይ በአንድነት የሚሰለፉ፣ ሲያሸንፉ አብረው የሚያሸንፉ፣ ሲሸነፉም አብረው የሚሸነፉ በመሆናቸው ነው። ከዚህ ዘርፍ ውስጥ ባለፉት ሁለት አስርት ዓመታት ጎልቶ የወጣው ቁልል ግንባታ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ሲሆን፣ በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች ደካማ ካርታዎች ባሉበት ትንሽ ቁልል ይጀምርና፣ በተራው ከጋራ ገበያ የተሻሉ ካርታዎችን እየገዛ ወደ ቁልሉ ይጨምራል፤ የተጠቀመባቸው ካርታዎች ተጥለው ቁልሉ ሲያልቅ እንደገና ስለሚመለሱለት፣ ዛሬ የገዛው ካርታ ከጥቂት ተራ በኋላ ኃይል ሆኖ እጁ ይገባል። የቁልል ግንባታ ስልት መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው ዶናልድ ቫካሪኖ የነደፈውና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው «ዶሚኒየን» ፉክክር ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬቨን ራይሊ «ኤዮንስ ኤንድ» ግን ይህንኑ ስልት ወስዶ ተጫዋቾቹን አንዲት ከተማ ከጋራ ጠላት የሚከላከሉ ጓዶች አደረጋቸው።

እነዚህ ጨዋታዎች ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ ሲዛወሩ የሚነሣው ሂሳዊ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሥዕሉን ጥራትና የደንቡን ታማኝነት ብቻ ይመለከታል። ካርታው በስክሪን ላይ ያምራል ወይ፣ ደንቡስ ሳይጎድል ተላልፏል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ከሁለቱ ይልቅ ክብደት ያለው ግን ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በጠረጴዛ ዙሪያ ሳሉ ሰዎቹ በጋራ ይሠሩት የነበረውን ሥራ ማን ወሰደው የሚለው ነው። በጠረጴዛ ላይ የትብብር ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ከደንቡ ውጭ ብዙ ይሠራሉ፤ ካርታ ይበውዛሉ፣ ያድላሉ፣ የጠላትን ጉዳት ይቆጥራሉ፣ የተረሳውን ያስታውሳሉ፣ ደንብ ሲያጠራጥር መጽሐፉን ገልጠው ይከራከራሉ። ይህ የደንብ ጥበቃ ሥራ አሰልቺ ቢመስልም፣ ተጫዋቾቹን የሚያነጋግራቸውና ጨዋታውን የጋራ የሚያደርገው በአብዛኛው እሱ ነው። መሣሪያው ይህን ሁሉ በቅጽበት ሲፈጽመው ጊዜ ይተርፋል፤ የተረፈው ጊዜ ግን ለምክክር ካልዋለ፣ ጨዋታው በስም የትብብር ሆኖ በተግባር የብቻ ይሆናል።

«ኤዮንስ ኤንድ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚህ ጨዋታ የተጫዋቹ ቁልል ሲያልቅ የተጣሉት ካርታዎች ሳይበወዙ ተገልብጠው ስለሚመለሱ፣ ካርታ የሚጣልበት ቅደም ተከተል ራሱ የወደፊቱን እጅ የሚወስን ዘዴ ነው፤ የሚበወዘው ተራው የማን እንደሆነ የሚያሳየው ትንሽ ቁልል ብቻ ነው። በጠረጴዛ ላይ የትኛው ካርታ ከየትኛው በታች እንዳለ ማስታወስ የተጫዋቹና የጓደኞቹ ፋንታ ሲሆን፣ ሃንደላብራ ጌምስ እንዳዘጋጀው ያለ ስክሪን ላይ የሚካሄድ ቅጂ ግን የካርታውን መዝገብ ራሱ ይይዛል። የማስታወስ ሸክም መቅለሉ ለጀማሪ በጎ ነው፤ ሆኖም አንዱ ለሌላው «ያ ካርታህ በሚቀጥለው ተራ ይመጣልሃል» ብሎ የሚያስታውስበት አጋጣሚ አብሮ ይቀንሳል።

የተገላቢጦሹ ጉዞ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። የሜጋ ክሪት ሥራ የሆነው «ስሌይ ዘ ስፓየር» ሙሉ ሆኖ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አንድ ሰው ብቻውን በኮምፒውተር የሚጫወተው የቁልል ግንባታ ጨዋታ ነበር፤ ኮንቴንሽን ጌምስ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ ጠረጴዛ ሲያመጣው ግን እስከ አራት ሰው የሚተባበርበት ጨዋታ ሆነ። ንድፉን የሠሩት ሰዎች ቁጥሮቹን በእጅጉ አሳንሰዋል፤ በኮምፒውተሩ 6 ጉዳት ያደርስ የነበረው መነሻ የጥቃት ካርታ በጠረጴዛው ላይ 1 ብቻ ያደርሳል፤ ምክንያቱም ስሌቱን የሚሠራው ከእንግዲህ የሰው አእምሮ ነው። ስሌቱ ወደ ሰው ሲመለስ ጨዋታው ወደ ማኅበር መመለሱ እንዲሁ የተገጣጠመ ነገር አይመስልም።

ጠረጴዛው ከችግር የጸዳ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በትብብር ጨዋታ ላይ በተደጋጋሚ የሚቀርበው ትችት፣ ልምድ ያለው አንድ ሰው አድራጊ ፈጣሪ ሆኖ የሁሉንም ተራ ሲወስን ሌሎቹ ካርታ አቀባይ ሆነው ይቀራሉ የሚል ነው። እያንዳንዱ በየስክሪኑ ሲቀመጥ ይህ ጫና ይላላል፤ ይሁን እንጂ የሚላላው ውይይቱ ስለተስተካከለ ሳይሆን ስለጠፋ ነው። ጥሩ ዲጂታል ቅጂ የሚባለው በሁለቱ መካከል፣ ማለትም በአንድ ሰው ጠቅላይነትና በሁሉም ዝምታ መካከል፣ መንገድ የሚያገኝ ነው።

ለዚህ መንገድ የኢትዮጵያ የጨዋታ ታሪክ የሚያበረክተው ነገር አለ። ሰንጠረዥ የሚባለው የኢትዮጵያ ቼዝ ከመካከለኛው ምሥራቅ ጥንታዊ ቼዝ የመጣ ሲሆን፣ ያን ጥንታዊ አካሄድ በአብዛኛው እንደያዘ ለረጅም ዘመን ቆይቷል። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተመዝግቧል፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በትግራይ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት ማየቱን በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ገልጿል። በሰሜን ሸዋ ደግሞ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እስከ ምኒልክ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር የዚህ ታሪክ አካል ናት፤ በገና በመደርደርና ሰንጠረዥ በመጫወት ስማቸው የሚነሣው ጣይቱ ብጡል በ1875 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር ሥርዓተ ተክሊል የፈጸሙት በዚያው በአንኮበር መድኃኔዓለም ነው። ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ እየጠፋ መሄዱን፣ ስለ ደንቡና ስለ ታሪኩ በ1971 እ.ኤ.አ. ሰፊ ጥናት ያሳተመው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ጽፏል።

ሰንጠረዥ የሚዘረጋው በቀይ ጨርቅ ላይ በተሰመሩ መስመሮች ሲሆን፣ እንደ ዘመናዊው ቼዝ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የተባሉ ጠጠሮች አሉት፤ ፈርዝ በጥግ አቅጣጫ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፣ ፊል ደግሞ በዚያው አቅጣጫ አንድ ቤት ዘልሎ ቀጣዩ ላይ ያርፋል። ሰንጠረዥን ከቼዝ ዘመዶቹ ሁሉ የሚለየው ግን ወረራ የተባለው አጀማመሩ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየተከታተለ፣ እንደፈለጉ በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በየተራ መጫወት ይጀመራል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ይህን አካሄድ ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. በታተመው የጉዞ መጽሐፉ አስፍሯል።

ከወረራው እኩል ሊጤን የሚገባው የተመልካቾቹ ድርሻ ነው። ሰንጠረዥ በዝምታ የሚጫወቱት ጨዋታ አልነበረም፤ በዙሪያው ያለው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክራል፣ ያደንቃል፣ ይነቅፋል፤ በማዕረግ በሚቀመጡበት እልፍኝ ውስጥ የበታቹ ለበላዩ «ይህን ይሂዱ» ለማለት የሚችልበት አንድ ቦታ ይገኛል ማለት ነው። ማሸነፍም ቢሆን በደረጃ ይለካ ነበር፤ በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲታይ፣ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ መያዝ ይደነቅ ነበር። ይህን ፍርድ የሚሰጠው በዙሪያው የተቀመጠው ታዳሚ ነው፤ የድሉን ክብር የሚለካ ሌላ ዳኛ የለም።

እንግዲህ ሰንጠረዥ በደንቡ የሁለት ሰዎች ፉክክር፣ በአጨዋወቱ ግን የብዙዎች ምክክር ነው፤ በስክሪን ላይ ያለው የቁልል ግንባታ ጨዋታ በበኩሉ በደንቡ ትብብር ሆኖ በአጨዋወቱ ብዙ ጊዜ ብቸኝነት ይሆናል። ትብብርን በደንብ ጽሑፍ ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ንድፈ ሐሳብ ይህን ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም። ትብብሩ ያለው ማን እንዲናገር በተፈቀደበትና ማን እንዲያስታውስ በተተወበት ቦታ ነው፤ ወደ ዲጂታል የሚደረግ ዝውውርም መመዘን ያለበት በዚሁ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ባህላዊ ጨዋታዎችን ለማዛወር እስካሁን የተሠራው ሥራ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ግማሽ መንገድ የሄደ ነው። በኔዘርላንድስ የማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ ያካሄደው የዲጂታል ሉዲም ፕሮጀክት ሉዲ በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ከሺህ የሚበልጡ ባህላዊ ጨዋታዎችን በኮምፒውተር ቋንቋ ያሰፈረ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል የኢትዮጵያ ገበጣ ዓይነቶች ይገኛሉ። በአገር ውስጥም ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለስልክ አዘጋጅቷል። ገበጣ ለዚህ ዓይነቱ ዝውውር ይመቻል፤ ጠጠሩ ተቆጥሮ ይዘራል፣ ተራው የተለየ ነው፣ ኮምፒውተር የሚወደው ጥርት ያለ ሒሳብ ነው። በዓለም ላይ በአብዛኛው በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሚገኘው ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣ በማኅደር መያዙ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በደንብነት ሊጻፍ የሚችለው ሁሉ ሲያልፍ፣ ጠጠር የሚቆጥረውን ልጅ ከጎኑ ሆኖ የሚያርመው ሰው በማኅደሩ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ሰንጠረዥን ለማዛወር የሚነሣ አልሚ የሚገጥመው ፈተና ከዚህ ይከብዳል። አብዛኛው የገበታ ጨዋታ ሶፍትዌር የተገነባው በአንድ ጊዜ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ በሚቀበል ሥርዓት ላይ ስለሆነ፣ ወረራ ይህን መሠረት ያናጋዋል። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ፣ አንዱ የበላው ጠጠር በዚያው ቅጽበት ሸሽቶ ቢሆን ማን ቀደመ የሚለውን ሰርቨሩ መወሰን ይኖርበታል፤ በርቀት በሚደረግ ጨዋታ ደግሞ የሚቀድመው የእጅ ፍጥነት ሳይሆን የኔትወርክ ፍጥነት ይሆናል። ቀላሉ መውጫ ወረራውን ሰርዞ ከመጀመሪያው በተራ ማስጀመር ነው፤ ያ ግን ሰንጠረዥን ጠጠሩ የተለየ ቼዝ ብቻ ያደርገዋል፤ ጨዋታውን ጨዋታ ያሰኘውን ነገር ለፕሮግራም ምቾት መሠዋት ስለሆነም ሊወገዝ ይገባል።

የተሻለው መንገድ ከቦታው ሁኔታ ራሱ ይመነጫል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡ እንዳሳየው፣ በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር ላሉ ተጫዋቾች የሚሠራ ጨዋታ በሩቅ ሰርቨር ላይ ሊመካ አይችልም። አንድ ታብሌት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሁለት ሰዎች ከሁለት ወገን ቢነኩት፣ ብዙ ጣቶችን በአንድ ጊዜ የሚለየው ስክሪን ወረራውን ያለ ኔትወርክ ያስተናግዳል፤ ማን ቀደመ የሚለውም በአንድ መሣሪያ ውስጥ ያለ ጥርጥር ይለያል። ከሁሉም በላይ መሣሪያው አንድ ሲሆን ሰዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ምክሩም ያለ ማይክሮፎንና ያለ የጽሑፍ ሳጥን በአፍ ይሰማል። በሩቅ መጫወትን እንደ ግብ፣ በአንድ ቦታ መጫወትን እንደ ጊዜያዊ ማካካሻ የሚቆጥረው የዘመኑ ልማድ እዚህ ላይ ተገልብጦ መታየት ይኖርበታል።

ይህ ምክር ምን ዓይነት ትብብር እንደሆነ ለማስረዳት የአካባቢው የጋራ ሥራ ልማድ ይረዳል። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ገበሬ ደቦን ከወንፈል ለይቶ ያውቃል፤ በደቦ ጠሪው ድግሱን ደግሶ የብዙ ሰው ጉልበት ለአንድ ቀን ያገኛል፣ በወንፈል ግን የተቀበሉትን የሥራ ቀን በሥራ ቀን ይመልሳሉ። የቁልል ግንባታ የትብብር ጨዋታዎች የተነደፉት በወንፈል መንፈስ ነው፤ ዛሬ ለጓደኛዬ የሚጠቅም ካርታ ብገዛ ነገ ተራው ሲደርስ ያግዘኛል ብሎ ተጫዋቹ ያሰላል፣ ውለታው በነጥብ ይቆጠራል፣ ስለዚህም ኮምፒውተር ሊይዘው ይችላል። የሰንጠረዥ ተመልካች ምክር ግን ከደቦ ወገን ነው፤ መካሪው ጠጠር የለውም፣ ድሉም አይቆጠርለትም፣ የሚያገኘው በቦታው መገኘቱንና ቃሉ መሰማቱን ነው። ስለዚህ ምክርን ወደ ነጥብ ለውጦ ለመካሪው ሽልማት የሚሰጥ ዲጂታል ሰንጠረዥ ቢሠራ፣ የተመልካቹን ቦታ ወደ ሌላ ተጫዋችነት ለውጦ ያጠፋዋል።

ሶፍትዌሩ ሊሠራ የሚገባው ከዚህ ያነሰና የጠራ ነው። ጠጠር ሲበላ ወረራው ማብቃቱን ያሳውቅ፣ ሕገ ወጥ አካሄድን ይከልክል፣ አሸናፊው ንጉሡን የያዘው በየትኛው ጠጠር እንደሆነ በግልጽ ያሳይ፤ ድሉ ተራ ነው ወይስ የሚያስደንቅ የሚለውን ግን በነጥብ አይፍረድ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም እንዲህ ያለውን ሥራ ቢይዘው፣ የኮምፒውተር ተማሪዎቹ ከታሪክና ከፎክሎር ተማሪዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት ምክንያት ይገኝ ነበር፤ ከሁሉ አስቀድሞ መሠራት ያለበት ደግሞ የፓንክኸርስትን ጥናትና የተጓዦቹን መዛግብት አመሳክሮ የሚነበብ የደንብ መጽሐፍ በአማርኛ ማዘጋጀት ነው፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ሊመክር የሚችለው ደንቡን ካወቀ ብቻ ነው።