ድንጋዩን ማን ይሸከም?

«በሕግ አምላክ!» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይሉ ነበር አባቶቻችን። ዱላ ያነሳው ዱላውን ያወርዳል፤ የሚሸሸውም ባለበት ይገተራል። የሚጣራው ሰው መሣሪያም ማዕረግም ላይኖረው ይችላል፤ በእጁ ያለው የሕግ ስም ብቻ ነው። አባባሉ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ግን አለ። ሕግ አስከብር ተብሎ ሽጉጥና ካቴና የታጠቀው ሰው ራሱ ሕጉን ሲጥስ «በሕግ አምላክ» ብሎ የሚያቆመው ማን ነው? ቢሉትስ ይቆማል ወይ?

በአሜሪካ ይህን ጥያቄ ይዘው ብዙ ዓመት ከደከሙት ሰዎች አንዷ ፕሮፌሰር ጆአና ሽዋርትዝ ናቸው። አሁን በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምራሉ፤ ከዚያ በፊት በኒውዮርክ የሲቪል መብት ጠበቃ ነበሩ። በ2023 ያወጡት መጽሐፍ «ሺልድድ» ይሰኛል፤ «በጋሻ የተከለሉ» እንደማለት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያንብቡልኝ።) የመጽሐፉ ጉዳይ ፖሊስ እንዴት የማይነካ ሊሆን ቻለ የሚል ነው። የተበሳጨ ሰው ጩኸት የሚጠብቅ አንባቢ ያዝናል፤ መጽሐፉ መዝገብ እየገለጠ፣ ሂሳብ እየደመረ፣ ረጋ ብሎ የሚሄድ ነው። ኃይሉም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥሩ ሕግ ነው። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ደቡብ ኩ ክለክስ ክላን ጥቁሮችን ሲገድልና ሲያቃጥል የአካባቢው ሹማምንት ወይ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር፣ ወይ አብረው ያቃጥሉ ነበር። ኮንግረሱ በ1871 አንድ ሕግ አወጣ፦ የመንግሥትን ሥልጣን ተጠቅሞ የሰውን ሕገ መንግሥታዊ መብት የጣሰ ሹም በፌዴራል ፍርድ ቤት ይከሰሳል፣ ካሳም ይከፍላል። ሕጉ ግን ዘጠና ዓመት ያህል ተኛ። የቀሰቀሰው የቺካጎ ጉዳይ ነው። 13 ፖሊሶች በሌሊት የአንድ ጥቁር ቤተሰብን ቤት ሰብረው ገብተው ባልና ሚስቱን ራቁታቸውን አቁመዋቸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1961 «ፖሊሶቹ በዚያ ሕግ ሊከሰሱ ይችላሉ» አለ።

ታዲያ በሩ በተከፈተ በስድስት ዓመቱ መቀርቀሪያ ተበጀለት። በሚሲሲፒ ግዛት ጃክሰን ከተማ፣ ጥቁርና ነጭ ሆነው በአንድ የአውቶቡስ መጠበቂያ ክፍል በመገኘታቸው የታሰሩ ቄሶች ፖሊሶቹን ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ1967 «በቅን ልቦና የሠራ ፖሊስ ከለላ ሊኖረው ይገባል» የሚል ሐሳብ አመጣ። በ1982 ደግሞ የፕሬዚዳንት ኒክሰን ረዳቶች በተከሰሱበት ጉዳይ የቅን ልቦናው ጥያቄ እንኳ ተነሳ። በምትኩ የመጣው መለኪያ የተጣሰው መብት «በግልጽ የተረጋገጠ» መሆን አለበት የሚል ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ደህና ይመስላል። ሥራ ላይ ሲውል ግን ትርጉሙ ሌላ ሆነ፦ ከዚህ በፊት ከእርስዎ ጉዳይ ጋር ቁርጥ የሚመሳሰል ጉዳይ ተፈርዶ ካላገኙ ፖሊሱ ነፃ ነው!

ቁርጥ የሚመሳሰል ማለት ምን ያህል? በናሽቪል ከተማ በቤት ሰርሳሪነት የተጠረጠረ ሰው፣ እሱ እንደሚለው፣ ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ሳለ ፖሊስ ውሻ ለቀቀበት። ሰውየው መሬት ላይ በተኛ ተጠርጣሪ ላይ ውሻ መልቀቅ ሕገወጥ ነው የተባለበትን የቀድሞ ፍርድ ጠቀሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2018 የሰጠው መልስ «የዚያኛው ተጠርጣሪ ተኝቶ ነበር፤ አንተ ቁጭ ብለህ ነበር» ከማለት አይለይም። በፍሬዝኖ ከተማ ደግሞ ፖሊሶች በፍተሻ ከወሰዱት ገንዘብና የከበሩ ሳንቲሞች ውስጥ ከ225 ሺህ ዶላር በላይ ሰርቀውናል ያሉ ሰዎች ክስ መሠረቱ። ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2019 ድርጊቱ ተፈጽሞ ከሆነ ነውር መሆኑን ሳይክድ፣ በማዘዣ የተያዘን ንብረት መስረቅ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ በወቅቱ በግልጽ አልተረጋገጠም ብሎ ፖሊሶቹን አሰናበተ። መስረቅ ክልክል መሆኑን ለማወቅ ፖሊስ የይግባኝ ውሳኔ ማንበብ ይጠበቅበታል እንዴ? ይሄ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። መብቱ አለ፤ የሚጠጣ ነገር ግን የለም።

ከለላው ለምን አስፈለገ ሲባል የሚሰጠው ምክንያት ሁሌም አንድ ነው፦ ምስኪኑ ፖሊስ ለአንድ ስህተት ቤቱንና የልጆቹን ቀለብ ሊያጣ አይገባም። የሽዋርትዝ ትልቁ ሥራ ይህን ምክንያት ቆጥሮ ማፍረሱ ነው። ከ2006 እስከ 2011 በ81 የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ለተበዳዮች የተከፈለውን ካሳ መረመሩ። ድምሩ ከ730 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ከፖሊሶቹ ከራሳቸው ኪስ የወጣው 0.02 በመቶ! በሌላ አነጋገር ከየመቶው ዶላር ሁለት ሳንቲም። የቀረውን መንግሥት ከፍሎታል። ስለዚህ ከለላው የሚያድነው የሌለ በሽታ ነው። ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች እንዲሉ፣ ከፋዩ ሌላ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚያድር መገመት አያዳግትም።

የፖሊስን ወገን ክርክርም መስማት ደግ ነው። በጨለማ፣ በሰከንድ ውስጥ የሚወሰን ውሳኔ በጠራራ ፀሐይ በተቀመጠ ዳኛ ሲመዘን ያስፈራል። እውነት ነው። ግን ለዚህ ፍርሃት ሕጉ ራሱ አስቀድሞ መልስ ሰጥቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 የፖሊስ ኃይል አጠቃቀም የሚመዘነው ነገሩ ካለፈ በኋላ በሚገኝ ጥበብ ሳይሆን በቦታው በነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ዓይን ነው ብሏል። እንግዲህ ፖሊሱ አንዴ ይቅር ከተባለ በኋላ በከለላው ሁለተኛ ይቅርታ ለምን ይጨመርለታል?

እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊዋ ጋር ነኝ። ሐቀኝነታቸውም ያስመሰግናቸዋል። ለራሳቸው ክርክር የማይመች ቁጥር ሲያገኙ አልደበቁም፤ በ2017 ባወጡት ጥናት ከለላው ሊነሳባቸው ከሚችሉ 979 ጉዳዮች መካከል በዚሁ ምክንያት የተዘጉት 38 ብቻ መሆናቸውን ራሳቸው ናቸው የነገሩን። መልሳቸው ከለላው አንዱ ግንብ እንጂ ብቸኛው ግንብ አይደለም የሚል ነው። ከተማን ለመክሰስ ከ1978 ጀምሮ ጥፋቱ የመጣው ከከተማው ፖሊሲ ወይም ልማድ መሆኑን ማስረዳት ግድ ነው። ይህን ሁሉ አልፎ ክሱን የሚይዝ ጠበቃ ማግኘትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ሳይደርስ የሚቀረውን በደል ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

የምለያቸው በሌላ ነገር ነው። መጽሐፉ የጠበቃ መጽሐፍ ነውና ዓይኑ ከክስና ከካሳ ብዙም አይርቅም። ካሳው በትክክል ቢከፈል፣ ከፋዩም ከክሱ ቢማር፣ ነገር ይስተካከላል የሚል ተስፋ አለው። እኔ ግን ያቀረቡት ማስረጃ ከዚያ የጠለቀ ነገር የሚናገር ይመስለኛል። የሚኒያፖሊስ ከተማ በመጋቢት 2021 ለጆርጅ ፍሎይድ ቤተሰብ 27 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ የከተማው ነዋሪ ግብር ነው፤ በሚኒሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉና በዚያ ካዝና ውስጥ የእኛም ሰው ላብ አለበት። በዳዩ ያኔ ወንጀለኛ ተብሎ እስር ቤት ገባ። ያ ግን ዓለም ሁሉ በቪዲዮ ያየው ጉዳይ ስለነበረ ነው። በተለመደው ጉዳይ ከተማው «ጥፋት አላመንኩም» የሚል አንቀጽ ጨምሮ ቼክ ይጽፋል፣ መዝገቡ ይዘጋል፣ ፖሊሱም በማግስቱ ሥራው ላይ ነው። ሽዋርትዝ እንደሚያሳዩን በብዙ ከተሞች የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ በክሱ ውስጥ ምን እንደተባለ እንኳ ገልጦ አያይም።

በእኛ አገር ሽምግልና ለካሳው ዘመድ ሊያዋጣ ይችላል፤ ነውር የለውም። ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ፊት የሚንበረከከው ግን አጥፊው ራሱ ነው። ዘመድ ድንጋዩን አይሸከምለትም። የአሜሪካው ሥርዓት የዘመዱን መዋጮ ወስዶ ድንጋዩን ትቶታል። የኮሎራዶ ግዛት በ2020 ባወጣው ሕግ ከለላውን በግዛቱ ፍርድ ቤት አስቀርቶ፣ በቅን ልቦና ያልሠራ ፖሊስ ከፍርዱ 5 በመቶ ወይም 25 ሺህ ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ ከኪሱ እንዲከፍል አደረገ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ግን የሰውየውን ስም ከጥፋቱ ጋር ያስራል። እኔ ከገንዘቡ ይልቅ ይህን ማሰሩን እወድለታለሁ። በዋሽንግተን ግን ተመሳሳይ ሐሳብ የያዘው፣ በፍሎይድ ስም የተሰየመው ረቂቅ በ2021 የተወካዮች ምክር ቤቱን አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ፤ ካስቀሩት ጠቦች አንዱ ይኸው ከለላ ነበር።

ነገሩ በከተማ ፖሊስ አያበቃም። የ1871ዱ ሕግ የሚናገረው ስለ ክፍለ ግዛትና ከተማ ሹማምንት ነው። የፌዴራል መንግሥት ወኪሎችን ለመክሰስ ፍርድ ቤቱ በ1971 የከፈተው ጠባብ በር በ2022 ሊዘጋ ጥቂት ቀረው። በ2017 የኤፍቢአይ ወኪሎች አትላንታ ውስጥ ገና ሳይነጋ የተሳሳተ ቤት ሰብረው ገብተው፣ ፈንጂ አፈንድተው፣ እናትንና የወንድ ጓደኛዋን ከሰባት ዓመት ልጇ ጋር አሸብረው ነበር። ቤተሰቡ መንግሥትን ከሶ በታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ተረታ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ውሳኔ የሻረው በ2025 ነው፤ ያውም ካሳ ይከፈላቸው ብሎ ሳይሆን ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብሎ። የተሳሳተ ቤት መስበራቸውን ማንም ባልካደበት ጉዳይ፣ ክሱ ይታይ ለማለት ብቻ ስምንት ዓመት ፈጀ።

መጽሐፉን ለሕግ ሰው ብቻ የተጻፈ አድርገው እንዳይተዉት። ልጅዎ በዚያ አገር በሌሊት መኪና የሚነዳ ከሆነ፣ የኋላ መብራቱ ተቃጥሎ ፖሊስ ሲያስቆመው የሚጠብቀው ሕግ ይኸው ነው። ሽዋርትዝ ካሳውን ማን እንደሚከፍል ቆጥረው አሳይተውናል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ድንጋዩን ማን እንደሚሸከም ግን የሚነግረን ሕግ እስኪመጣ ድረስ፣ ቼክ በተጻፈ ቁጥር ፍትሕ ተሠራ ብለን ባናጨበጭብ ጥሩ ነው።