የባዶው ረድፍ ዋጋ፤ ስለ ማኅፀን ጫፍ ካንሰር አዲስ ሕክምና ከበርበሬ በረንዳ አንፃር የቀረበ ሂስ

ሰውነት ራሱን የሚከላከልበትን ኃይል ቀስቅሶ ካንሰርን እንዲዋጋ የሚያደርገው ኢሚዩኖቴራፒ የተባለው ሕክምና በተማሪዎችና በመምህራን መካከል ብዙ የሚወራለት ሆኗል። ወሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ መድኃኒቱ እንጂ ስለ በሽተኛዋ አይደለም። እኛ የምንመረምረው ኪኖት-ኤ18 የተባለውን ጥናት ነው። የተደረገው ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ሳይሠራጭ በአካባቢው በተስፋፋ የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ላይ ሲሆን፣ ስለ በሽተኞቹ ዕድሜ የሚናገረው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ስናነበውም አንድ መመዘኛ ይዘናል፤ ይኸውም መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ፣ አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና በርበሬ ስትቀነጥስ የምትውል ሴት ከዚህ ጥናት ምን ታገኛለች የሚል ነው።

የመድኃኒቱ አሠራር በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ቲ ሴል የተባለው የነጭ ደም ሕዋስ የገዛ አካሉን እንዳያጠቃ የሚገታው ልጓም አለው። ካንሰሩ ይህንኑ ልጓም ይዞ ሕዋሱን ያቆመዋል፤ ፔምብሮሊዙማብ ያስለቅቀዋል። ልጓሙ ሲለቀቅ ታይሮይድ ዕጢ፣ ሳንባና አንጀት አንዳንድ ጊዜ አብረው መጎዳታቸው አይቀርም።

በጥናቱ 1,060 ሴቶች በሁለት ረድፍ ተከፍለዋል። ሁለቱም ረድፎች ጨረርና ሲስፕላቲን አግኝተዋል፤ ልዩነቱ ለአንደኛው ፔምብሮሊዙማብ ሲጨመር ለሌላው መድኃኒት የሚመስል ባዶ ፈሳሽ መሰጠቱ ነው። ከ36 ወር በኋላ በሕይወት የሚገኙት ከመጀመሪያው ረድፍ 82.6 ከመቶ፣ ከሁለተኛው 74.8 ከመቶ ሆነዋል። ማን ምን እንደ ወሰደ ሐኪሙም በሽተኛዋም ሳያውቁ የተሠራ ስለ ሆነ ውጤቱን የምንጠራጠርበት ምክንያት የለንም። ከመቶ ስምንት ያህል ሴቶችን ማትረፍም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የሚወራው ሁሉ ስለነዚህ ስምንት ነው፤ ለእኛ አገር ትልቁ ቁም ነገር ያለው በባዶው ረድፍ ውስጥ ነው። እነዚያ ሴቶች አዲሱን መድኃኒት ሳይቀምሱ፣ በጨረርና ከ1978 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ መድኃኒት ብቻ፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሦስት ዓመት ተሻግረዋል።

እርግጥ ነው፣ ይህን ቁጥር እንዳለ አንሥተን ወደ አዲስ አበባ ማምጣት አንችልም። በጥናቱ ደንብ ጨረሩ በ50 ቀን፣ ቢዘገይ በ56 ቀን ማለቅ ነበረበት። በእኛ አገር ግን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ ሲኖር፣ ተራ መጠበቁ ብቻውን ወራት ይፈጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጅማና ሐረር ተጨምረዋል፤ ሆኖም በ2020 በተደረገ ግምት በአገራችን በዓመት 7,445 ሴቶች በዚህ በሽታ ሲያዙ 5,338 ይሞታሉ። ተራ ስትጠብቅ ዕጢው ወደ ሌላ አካል የተሠራጨባት ሴት ከኤ18 ጥናት ውጭ ትሆናለች።

ለእርሷ የሚቀርላት በ2021 የታተመው ኪኖት-826 ነው። በዚህ ጥናት 617 ሴቶች ከ19 አገሮች ገብተዋል፤ ከአገሮቹ መካከል አንድም የአፍሪካ አገር የለም። መካከለኛው የሕይወት ዘመን ከ16.8 ወር ወደ 26.4 ወር ከፍ ብሏል። ልጅ ለምታሳድግ እናት አሥር ወር ብዙ ነው፤ አናቃልለውም። መድኃኒቱ ግን በየሦስት ሳምንቱ እስከ 35 ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ደግሞም ጥናቱ «ስለ ተመለሰ» ካንሰር ይናገራል። የሚመለሰው አንድ ጊዜ ታክሞ የሄደ በሽታ ነው፤ ከገቡት ሴቶች ከግማሽ የሚበልጡትም ቀድሞ ጨረር ያገኙ ነበሩ። መጀመሪያውኑ ላልታከመችው ሴት ይህ ቃል እንግዳ ነው።

በበርበሬ በረንዳ ቅንጠሳ የሚከፈለው በቀን ሥራ ስለ ሆነ፣ ሐኪም ቤት የተዋለበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው። ወገቧን ቢያማት «ቁጭ ብዬ ስለምውል ነው» ትላለች፤ ያለ ጊዜው ደም ቢታያት ለመናገር ታፍራለች። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የተዘጋጀው ምርመራ ግን የማኅፀኑን ጫፍ በአሴቲክ አሲድ፣ ማለት በኮምጣጤ ዓይነት ፈሳሽ፣ ቀብቶ ነጭ ምልክት መፈለግ ነው። በደቂቃዎች ያልቃል፤ ምልክት ቢገኝም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። (ለልጇ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ክትባት አለ።)

ስለዚህ የምርምር ርእስ የሚመርጡ ጓደኞቻችንን የምንጠይቃቸው አለ። ምርመራው ሥራ በማይኖርበት ሰዓት፣ ከበርበሬው መጋዘን አጠገብ ቢደረግ ስንቶቹ ሴቶች ይመጣሉ? ምልክት የተገኘባትስ እስከ ሕክምናዋ ስንት የሥራ ቀን ታጣለች? ካንሰር የተገኘባትስ ከሐኪሙ ወረቀት እስከ መጀመሪያው ጨረር ስንት ቀን ትጠብቃለች? ይህን ለመቁጠር መዝገብና እርሳስ ይበቃል።