ዝም ያለ ሁሉ ፈቅዷልን?

እናቴ በየሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ተነሥታ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። ዓይኗ ደክሞ የመጽሐፉ ፊደል አልለይ ካላት ወዲህ የምታነበው ከእጅ ስልኳ ላይ ነው፤ ፊደሉን እንደ ልብ የሚያጎላውን ነፃ መተግበሪያ መርጬ የጫንሁላትም እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ጠርታኝ ወደ ክፍሏ ብገባ፣ ስልኩን እንደሚያቃጥል ነገር ከፊቷ አርቃ ይዛዋለች። የሰኞውን ደግማ ወደሚቀጥለው ገጽ ስትሻገር የቁማር ጨዋታ ማስታወቂያ መስኮቱን ሞልቶት፣ ሳንቲም ይዘንባል፣ ደወል ያንቃጭላል። «ምን ነክቼ ነው?» አለችኝ፤ ጥፋቱ የእሷ መስሏት።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይኸው ጥያቄዋ ነው። የዚህ ንግድ ሰዎች በበኩላቸው ሌላ ጥያቄ አላቸው፤ «ተጠቃሚው ምን ያህል ማስታወቂያ ይችላል?» ይላሉ። መልሱን የሚያገኙት ሰውን ጠይቀው ሳይሆን ቆጥረው ነው። ማስታወቂያውን ጥቂት ይጨምሩና መተግበሪያውን ከስልካቸው የሰረዙትን ይቆጥራሉ፤ የሰረዘው ጥቂት ከሆነ ደግመው ይጨምራሉ። በዚህ ስሌት እናቴ ከታገሡት ወገን ተመዝግባለች። መሰረዝ አለማወቋን፣ እኔ ከሥራ እስክመለስ ድረስ የሚሰርዝላት ሰው አለመኖሩን የሚያሳይ ዓምድ በሰንጠረዣቸው ላይ የለም። የእኔ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው፤ ሳይሰርዙ መቆየት መፍቀድ አይደለም።

ማስታወቂያን በጅምላ የምጠላ ሰው እንዳልሆንሁ አንባቢዬ ይረዳልኝ። በዋሽንግተን አካባቢ የኖረ ሰው በየሬስቶራንቱና በየሱቁ በነፃ የሚታደለውን የኢትዮጵያውያን የሎው ፔጅስ ያውቀዋል። ከዳር እስከ ዳር ማስታወቂያ የሆነውን መጽሐፍ ወደ ቤታችን ወስደን ከስልኩ አጠገብ እናስቀምጠው ነበር፤ ጠበቃ ወይም የግብር ሂሳብ የሚሠራ ሰው ስንፈልግ እኛው እንገልጠዋለን እንጂ በጸሎታችን መካከል ራሱን ገልጦ አያውቅም። ከስልክ ጨዋታዎችም ቢሆን ቬትናማዊው ዶንግ ንጉየን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ፍላፒ በርድ ማስታወቂያው ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ቀጭን ሰሌዳ ነበር። ሰውም ዓይኑን ከወፊቱ ሳይነቅል ሰሌዳውን ችሎ ተጫወተ፤ ሠሪው ጨዋታውን በፌብሩዋሪ 2014 ከገበያ ከማንሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በቀን በአማካይ 50,000 ዶላር ከማስታወቂያ እንደሚያገኝ ለጋዜጠኛ ተናግሮ ነበር።

ከብዛቱ ይልቅ የሚያስመርረኝ ማታለሉ ነው። መዝጊያዋ የኤክስ ምልክት ከጤፍ ቅንጣት አትበልጥም፤ እሷም ብትሆን ብቅ የምትለው ሰኮንዶች ካለፉ በኋላ ነው። ጣት ጥቂት ከሳተ መደብሩ ይከፈታል። በትክክል ነክቼ ዘጋሁት ሲሉ ደግሞ ሁለተኛ ገጽ ይተካል፤ አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ። ከአከፋፋዮቹ ዋነኛው ጎግል ሳይቀር ጣት በስሕተት እንዲነካ የሚያደርግ አቀማመጥን በደንቡ ከልክሏል። ደንቡ ግን የአረጋዊት እጅ መንቀጥቀጥን የሚያስብ አይመስለኝም።

ፈቃድ መስሎ የሚቀርበውም ቢሆን ሲመረመር ሌላ ነው። ስልክን የእጅ ባትሪ የሚያደርገው ብራይተስት ፍላሽላይት የተባለ ነፃ መተግበሪያ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ስልኮች ላይ ተጭኖ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ይፋ ባደረገው ክስ መተግበሪያው የባለስልኩን መገኛ ቦታ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ያስተላልፍ እንደነበር ገለጠ። ከሁሉ የገረመኝ፣ ሰውየው «እቀበላለሁ» ወይም «አልቀበልም» የሚለውን ገና ሳይነካ መረጃው መተላለፍ ጀምሮ ነበር መባሉ ነው።

ጥያቄው በግልጽ የቀረበበትን አንድ ጊዜ ግን አውቃለሁ። አፕል ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ማንኛውም መተግበሪያ ባለስልኩን በሌሎች መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች ላይ ከመከታተሉ በፊት እንዲያስፈቅድ አስገደደ። አፕል ከዚህ የሚያገኘው የራሱ ጥቅም እንዳለው አልዘነጋሁም። ሆኖም «ሕዝቡ ችሎታል» ሲባል የኖረው ነገር በአንዲት አጭር ጥያቄ ፊት አልቆመም። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ይህ ለውጥ በ2022 ብቻ 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገቢ እንደሚያሳጣው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ አስታወቀ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ባልተጠየቀ ሰው ዝምታ ላይ የቆመ ነበር።

ለሠሪዎቹ አለማዘን ደግሞ ግፍ ይሆንብኛል። የጸሎቱን ፊደል ለቅሞ ወደ ስልክ ያስገባው ወጣት የድካሙን ዋጋ ማግኘት ይገባዋል፤ በሀገር ቤት ካሉት አንባቢዎቹም ብዙዎቹ ከስልክ መደብሩ በካርድ የመግዛት ዕድል የላቸውም። የትኛው ማስታወቂያ እንደሚወጣም አንድ በአንድ የሚመርጠው እሱ አይደለም። ቢሆንም ቁማር ነክ የሆነውን ለይቶ የማገድ ምርጫ ተሰጥቶታል። ያን ሳያደርግ ሲቀር የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ይደርስበታል። ማስታወቂያ የሌለበት እትም ካወጣ ከፍዬ እንደምገዛ ጽፌለት ነበር፤ መልስ አልመጣም።

እናቴ እስከዚያው የራሷን መላ አገኘች። ኢንተርኔቱ ሲዘጋ ማስታወቂያው እንደማይመጣ የቤተ ክርስቲያን ባልንጀራዋ ነግራት፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት ዋይ ፋዩንም ዳታውንም ታዘጋኛለች። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ የምትደውለው በዋትስአፕ ነው። እናታችን ነቅታ የምትገኝበትን ሰዓት አውቃ፣ እዚያ ቀትር ሲሆን ትደውልና ታጣታለች።