የስልክ ሽቦ ምሳሌና የነፍሳት ሽል

ስለ ሥርዓተ ነርቭ ስናስተምር ብዙዎቻችን የለመድነው አንድ ምሳሌ አለ፤ ይኸውም «ነርቭ የስልክ ሽቦ፣ አንጎል የስልክ ማዞሪያ ነው» የሚለው ነው። ምሳሌው መልእክት ከቦታ ወደ ቦታ መተላለፉን ለማስረዳት ይጠቅማል። ተማሪው «ሽቦውን ማን ዘረጋው?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ግን ምሳሌው ከመርዳት ይልቅ ያሳስታል። የስልክ ሽቦ ንድፍ ይዞ የሚዘረጋው ባለሙያ አለው። በሽል ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ባለሙያ የለም።

ይህን አጉልቶ የሚያሳየን የፍራፍሬ ዝንብ ሽል ነው። በሽሉ ሆድ በኩል በትናንሽ ቡድን የተሰበሰቡት ሴሎች እያንዳንዳቸው የነርቭ ዘር ለመሆን ይችላሉ። አንዱ ሲቀድም ዴልታ የተባለውን ፕሮቲን በገጹ ላይ ያበዛል። ጎረቤቶቹም ኖች በተባለው ተቀባይ ፕሮቲን ምልክቱን አግኝተው ነርቭ መሆኑን ይተዉና ቆዳ ይሆናሉ። ኖች የጎደለው ሽል ግን ለቆዳ የሚሆኑት ሴሎች ነርቭ እየሆኑበት ይሞታል። እንግዲህ የሴሉን ዕጣ የሚወስነው ከጎረቤቱ ጋር ያለው ግንኙነት ነው ማለት ነው።

የነርቩ ክርም መንገዱን የሚያገኘው በምልክት ነው። በሽሉ መካከለኛ መስመር ላይ ያሉት ሴሎች ስሊት የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ ሮቦ የተባለ ተቀባይ ያለው ክር ከዚያ ይርቃል። ሮቦ ሲጎድል ክሮቹ መስመሩን ደጋግመው ይሻገራሉ። በ1993 እ.ኤ.አ. የታወቀው ይህ ጂን በእንግሊዝኛ የመኪና አደባባይ ስም የተሰጠው ክሮቹ እንደዚያ ስለሚዞሩ ነው።

ምሳሌው ስለ እንቅስቃሴም ጉድለት አለበት። መስመር ሳይዘረጋ በስልክ የሚነጋገር የለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው ግን የዝንቡ ሽል ጡንቻ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ነርቭ ሳያዘው ነው። ነርቩ ሥራውን የሚረከበው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቅንጅት የሌለውንም መወራጨት ቀስ በቀስ እጩ ወደሚድህበት ማዕበል መሰል እንቅስቃሴ ይለውጠዋል።

ምሳሌው ፈጽሞ ይጣል አንልም፤ ወሰኑ ይነገር እንላለን። ወሰኑ ያልተነገረው ተማሪ የነርቭን ክፍሎች ስም በቃሉ ሸምድዶ ፈተናውን ያልፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ጂን ያለቀለት የሕንፃ ንድፍ እየመሰለው ይቀራል። ስለዚህ ከስልኩ ምሳሌ ቀጥሎ «ጎረቤቱ ሴል ምልክት ባይልክ ምን ይሆን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሥነ ሕይወት ከቃል ጥናት ወደ ምርምር የሚያልፈው በእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን።